የእድሩ አረንጓዴ ድንኳን

ባለቤቴ የተቀበረ ዕለት ከሰዓት በኋላ ዝናብ መጣ። የእድሩ ሰዎች በጠዋት እዚህ አዳማ በራችን ላይ የዘረጉት ድንኳን ሲረጥብ የሸራው ሽታ ወጣ፤ የጆንያ፣ የአሮጌ ዘይትና የጭቃ ሽታ አንድ ላይ። ከለቀስተኞቹ አንዱ ስልኩን እያየ ነበር። አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ተፈናቃይ የተጠለለበት ትምህርት ቤት ተመታ ይላል» አለው። ያኛው «የት?» ሲል ሰማሁ። መልሱን አልሰማሁም። ተነስቼ ጓዳ ገባሁና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስኩ። እህቶቼ ተከትለውኝ ገቡና «አይዞሽ፣ እሱ እንደሆነ ከስቃዩ አረፈ» አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ያን ሰዓት ያለቀስኩት ግን ለባሌ አልነበረም።

አሁን አርባው አልፏል። ጠዋት ጠዋት በእሱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ትንሽ ትንሽ እጽፋለሁ፤ በቀን ከግማሽ ገጽ አልበልጥም። ስለ እሱ ልጽፍ ነበር የተቀመጥኩት። የሚመጣልኝ ግን የአሥር ዓመት ልጅ የነበርኩበት ያ በልግ ነው። እሱ እስኪወጣ ሌላው የሚወጣ አይመስለኝም።

ያን ጊዜ የምንኖረው ከሞጆ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ነበር። ከተማ ከተባለች ነው። ግራና ቀኝ ሻይ ቤትና ጎሚስታ፣ በመሀል የሽንኩርት ክምር፣ ከበስተጀርባ ትምህርት ቤቱ፣ ከትምህርት ቤቱ ማዶ ደግሞ ግራር የበቀለበት ኮረብታ። አባቴ፣ ስሙ ወንድሙ ነው፣ ልብስ ሰፊ ነበር። ሱቁ መንገዱን ፊት ለፊት ያያል። ከዚህ ሌላ የእድሩ ንብረት ያዥ ስለነበር የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ከአንገቱ አይወርድም። በዕቃ ቤቱ ውስጥ ያለውን ሁሉ በቃሌ አውቀው ነበር፤ አግዳሚ ወንበሮቹን፣ ትልልቆቹን ድስቶች፣ የውኃ በርሜሉን፣ ሁለቱን ድንኳኖች። አንደኛው ድንኳን ነጭ አቡጀዲ ነበር፤ ያረጀ። ሁለተኛው አረንጓዴ ሸራ ነበር። ከጦር ሠራዊት ከወጣ አሮጌ ዕቃ ላይ ነው የተገዛው። አንዱ ማዕዘን ላይ የደበዘዘ ቁጥር ነበረበት፤ እኔ ዋጋው ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ዓመት መንግሥት ሊለወጥ ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር። እኛ ልጆቹ የምናውቀው ግን ሬዲዮው ማርሽ ማብዛቱን ብቻ ነው። በመጋቢት ከሰሜን የመጡ ተፈናቃዮች በከባድ መኪና ተጭነው መጡና ትምህርት ቤታችን ውስጥ ሰፈሩ። ትምህርት ተቋረጠ፤ ተደሰትን። ከዚያ ግን አንድ ቀን ላያቸው ስሄድ በክፍላችን በራፍ ላይ ሽሮ ይሠራል። ከምድጃው ስር የሚነደውን እንጨት ሳየው የእኔ ዴስክ ነው። ስሜን በምስማር የቀረጽኩበት ጎን ገና አልነደደም ነበር። ሮጬ ቤት ሄጄ ለእናቴ ከሰስኩ።

«ታዲያ በምን ይቀቅሉ?» አለችኝ እናቴ። «በስምሽ ሽሮ በሰለ፤ ምን ቀረብሽ?»

በክፍላችን ውስጥ፣ ከጥቁር ሰሌዳው ስር፣ አባባ ሞላ የሚባሉ ሽማግሌ ተኝተው ነበር። ቀንም ሌትም ያስላሉ። ከእሳቸው ትንሽ ራቅ ብላ ታንጉት የምትባል ነፍሰ ጡር ነበረች። ባሏ የት እንዳለ አታውቅም። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። በሚያዝያ መጀመሪያ እዚያው ሲሚንቶው ላይ፣ ሴቶች ነጠላ ጋርደውላት፣ ወንድ ልጅ ወለደች። እናቴ ከአዋላጆቹ አንዷ ነበረች። ማታ ስትመለስ ለአባቴ፣ «ሰው በሰው ላይ ነው። ያ ሁሉ ሳል! ሌሎች ሁለት አራሶችም አሉ፤ ሕፃናቱ አይተርፉም» አለችው። አባቴ ቁልፉን ከአንገቱ አውጥቶ ሲያገላብጥ አየሁት።

እሑድ የእድር ስብሰባ ነበር። እኔ ከአባቴ እግር ስር ተቀምጬ ነበር። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ቱፋ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው፤ ከደንብ ዝንፍ አይሉም። አባቴ ድንኳኑን ለአራሶቹ እንዲሰጡ ሲጠይቃቸው መዝገቡን ዘጉት።

«ድንኳን የሚወጣው ሰው ሲሞት ነው።»

«ጋሽ ቱፋ፣ አራሶች ናቸው። ዝናቡም ጀምሯል።»

«ማሎ፣ እባክህ ወንድሙ! እኔ መቼ አላዝንም አልኩ? ሞት ሳይኖር ድንኳን ተዘርግቶ አይተሃል? አላፊ አግዳሚው ሁሉ ነፍስ ይማር እያለ ሊገባባቸው ነው።»

ከኋላ አንዲት ሴት፣ «ምነው ወንድሙ፣ አንተ ነህ እንዴ የወለድከው?» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቴም ፈገግ አለ፤ ግን አልተቀመጠም።

«ለሞት የምንዘረጋውን አንድ ጊዜ ለልደት ብንዘረጋው እግዜር ይቆጣናል?» አለ።

ጋሽ ቱፋ መነጽራቸውን አድርገው ደንቡን እንደገና ገለጡ። ጣታቸው በመስመሮቹ ላይ ቀስ ብሎ ሲሄድ ሁላችንም ጠበቅን። «ልደት የሚል የለም» አሉ በመጨረሻ። «አይፈቀድም የሚልም የለም። ውሰድ። ከተቀደደ ግን የምትሰፋው አንተ ነህ።»

በማግስቱ ሁለቱን ድንኳኖች በዕቃ ቤቱ ግቢ ውስጥ ፈተሽናቸው። አባቴ መጀመሪያ ነጩን በገመድ ወጠረና «ግቢና ተኚ፣ ማሚቱ» አለኝ። ከስሩ በጀርባዬ ተኛሁ። እሱ ከላይ በባልዲ ውኃ አፈሰሰ። ብርሃኑ በጨርቁ ውስጥ እንደ ወተት ነበር። ወዲያው አንድ ጠብታ ግንባሬ ላይ፣ አንድ ጉንጬ ላይ፣ ከዚያ ብዙ።

«ያፈሳል?»

«በጣም ያፈሳል!» ሳቄ አላቆም አለኝ።

አረንጓዴውን ወጠረው። ከስሩ ጨለማ ነበር፤ ይሞቃል፤ ያ ሽታም አለ። አንድ ባልዲ አፈሰሰ፤ ሁለተኛ አፈሰሰ። ውኃው ከላዬ ሲንደረደር ይሰማኛል፤ አይነካኝም። እጆቼን ዘርግቼ ጠበቅኩ።

«አባዬ፣ ይሄ ጠብ አይልም! ይሄ ይሻላል!»

«ይሄ ይሻላል» አለ አባቴም።

በዚያው ቀን ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ፣ ከባንዲራው እንጨት አጠገብ፣ ተተከለ። ሦስቱ አራሶች ከነልጆቻቸው ገቡ። ታንጉት ልጇን ታቅፋ ቀና ብላ ጣሪያውን ስታይ፣ «እልፍኝ እኮ ነው!» አለች። ወደ ከተማችን ከመጣች ወዲህ ስትስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት ያን ቀን ነው።

እኔን ግን አንድ ነገር አላስተኛኝም። ጋሽ ቱፋ ሞት ሳይኖር ድንኳን አይዘረጋም ብለዋል። ድንኳኑ ከተዘረጋ እንግዲህ ሞቱ መንገድ ላይ ነው፤ ዘግይቶ እንጂ አይቀርም ብዬ አመንኩ። ማን እንደሚሞት ማወቅ ፈለግሁ። ብዙም አላሰብኩም፤ አባባ ሞላ ናቸው። የሚያስሉት እሳቸው፣ ያረጁት እሳቸው። በየጠዋቱ እናቴ ለታንጉት የምትልክላትን አጥሚት ካደረስኩ በኋላ ወደ ክፍላችን በር ሄጄ አጮልቄ አያቸዋለሁ። ጋቢው ከፍ ዝቅ ሲል ሳይ እፎይ እላለሁ፤ ትንሽም ግራ ይገባኛል።

አንድ ቀን ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ማነሽ አንቺ?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«በየቀኑ ምን ታያለሽ?»

ዓይኔን ከጋቢያቸው ላይ አነሣሁ።

«አልሞትኩም። ሂጂና ገና ነው በያቸው» አሉ። ሲስቁ ሳል ያዛቸው።

እንዲህ እያለ ሳምንታት ሄዱ። ሌሊት ዝናቡ ይወርዳል፤ ጠዋት ሸራው ላይ ጤዛው ያበራል። የታንጉት ልጅ ክርስትና እስኪነሣ ስም አልወጣለትም ነበር፤ እሷ ግን «ጌትዬ» ትለዋለች። ጣቴን እሰጠውና ይጨብጠኛል። ጥፍሩ ከሩዝ አይበልጥም ነበር። አባቴ ከሱቁ ሲወጣ በዚያ በኩል ዞሮ ሳያልፍ አይገባም። ገመዶቹን እየነካ ያጠብቃል፤ ችካሎቹን በድንጋይ ይመታል። ወደ ውስጥ ግን አይገባም፤ ከውጭ ሆኖ «ደኅና ዋላችሁ?» ብሎ ጠይቆ ይሄዳል።

ግንቦት ሲገባ መንገዱ ተጨናነቀ። ወታደር የጫኑ መኪናዎች ከሰሜን ወደ ደቡብ ያልፋሉ፤ አንዳንዱ ወታደር ጫማ የለውም። አባቴ ሱቁን ግማሽ ዘግቶ መሥራት ጀመረ። በአንድ ሐሙስ፣ ረፋዱ ላይ፣ አጥሚቱን በጣሳ ይዤ ወደ ትምህርት ቤቱ ስሄድ ታንጉት ቦኖ ውኃው ጋ ቆማ የልጇን ጨርቅ ስታጥብ አገኘኋት። ጌትዬ ተኝቶላት ለሌሎቹ አራሶች ትታው መውጣቷ ነበር።

«ቆይ አብረን እንሄዳለን፤ ይቺን ልጭመቃት» አለችኝ።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ፈነዳ። እኔ የከባድ መኪና ጎማ መሰለኝ። በከተማችን በየቀኑ ጎማ ይፈነዳል፤ እንዲያውም የማን መኪና እንደሆነ ለማየት ወደ መንገዱ ዞርኩ። ታንጉት ግን ወደ መንገዱ አልዞረችም። እሷ ከየት እንደመጣች አሁን ይገባኛል። ጨርቁን ጥላ መሮጥ ስትጀምር ሁለተኛው መጣ። ድንኳኑ እንደሚተነፍስ ነገር ተነፋ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ያየሁት ይኸው ነው። ጢሱ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው።

ያን ሰዓት ያሰብኩትን ለእናቴ እንኳ ነግሬያት አላውቅም። «በቃ፣ አባባ ሞላ ሞቱ» ነበር ያልኩት በልቤ። የጠበቅሁት ነገር ስለመጣ ጥቂት ቀለል አለኝ። ከዚያ አባባ ሞላ ጋቢያቸውን እየጎተቱ፣ እየሳሉ፣ ከክፍላችን በር ወጡ። ቆሜ አየኋቸው። እሳቸውም አዩኝና እጃቸውን ወደ ዓይናቸው አነሡ፤ አትይ ማለታቸው ነበር።

ከድንኳኑ ውስጥ በሕይወት የወጣ የለም። ሁለቱ እናቶችና ሦስቱ ሕፃናት።

ማታ በእድሩ ሰዎች መካከል ትንሽ ክርክር ተነሣ። አንዱ፣ «አባል እኮ አይደሉም፤ ተቀባሪው ብዙ ነው፣ ጊዜውም ክፉ ነው» አለ። ጋሽ ቱፋ ለጥሩምባ ነፊው ጥሩምባውን አቀበሉት።

«በድንኳናችን ውስጥ ነው የሞቱት» አሉ። «ከዚህ የበለጠ አባልነት ካለ ንገረኝ።»

ጥሩምባው ተነፋ፤ ከተማው ሁሉ ቀበረ። ሐዘን የተቀመጥነው በነጩ ድንኳን ስር ነው፤ ሌላ አልነበረንም። ሦስት ቀን ሙሉ ዘነበብን። ከአግዳሚው ላይ የተነሣ ሰው አላየሁም። ታንጉት ከመሀል ተቀምጣለች፤ ጡቷ እየፈሰሰ ቀሚሷ ከዝናቡ ሌላ ይረጥባል። እናቴ በየጊዜው ነጠላ ትለውጥላታለች።

ከሳምንት በኋላ ውጊያው አልፎ ሄደ። አዲሶቹ ታጣቂዎች ወደ ከተማችን ገቡ። አንደኛው፣ ጢሙ ገና ያልጠና፣ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዶ ኖሮ ወደ አባቴ ሱቅ መጣ። እኔ ከጠረጴዛው ስር የልብስ ቁልፎችን በየቀለማቸው እለይ ነበር። ልጁ ፎጣ አገልድሞ በርጩማው ላይ ተቀመጠና ጨዋታ ጀመረ። ጨዋ ነበር፤ አባቴን እርስዎ ነበር የሚለው።

«አባት፣ እዚያ ትምህርት ቤቱ ጋ የነበረው ካምፕ የት ሄደ?»

«የምን ካምፕ?» አለ አባቴ።

«የወታደሮቹ። አረንጓዴ ድንኳን ነበራቸው። ከኮረብታው ሆነን በመነጽር ስናየው ነበር። መታነው መሰለኝ።»

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። ከጠረጴዛው ስር የአባቴ እግር ይታየኛል፤ ከመርገጫው ላይ አልተነሣም። ከዚያ መርገጫው እንደገና መንቀሳቀስ ጀመረ። ሱሪውን ሰፍቶ ጨረሰ፤ ክሩን በጥርሱ ቆርጦ ሰጠው። ልጁ አመስግኖ ወጣ። የተናገረውን ነገር አላወቀም፤ አባቴም አልነገረውም።

ማታ አባቴ አልበላም። በማግስቱም። እናቴ ስታስጨንቀው ነገራት፤ እኔ የተኛሁ መስዬ ሰማሁ።

«ነጩን ብዘረጋው ኖሮ» አለ። «ነጭ ድንኳን ማን ይመታል? ለቅሶ ነው ብለው ያልፉት ነበር።»

«ያፈሳል እኮ ብለህ ነው።»

«ቢያፈስስ? ይርጠቡ ነበር። እርጥብ ሰው ይደርቃል።»

እናቴ ወደ እሱ ጠጋ አለች። «ወንድሙ፣ ለማንም እንዳትናገር። ለእሷማ በፍጹም። የሞተው ሞቷል፤ ምን ታተርፍባታለህ?» አለችው። እኔ ብርድ ልብሱን በአፌ ነክሼ ነበር። ይሄ ይሻላል ያልኩት እኔ መሆኔን አባቴ አለመናገሩ ያን ጊዜም ገብቶኛል። እስኪሞት ድረስ አንድም ቀን አላነሣብኝም።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀናት በሙሉ አባቴ ሊነግራት እየሄደ ሳይነግራት እየተመለሰ ነው ያሳለፋቸው። ወደ ትምህርት ቤቱ ይሄዳል፤ በሩ ላይ ቆሞ ለአባባ ሞላ ሰላምታ ሰጥቶ ይመለሳል። ሥራው ተበላሸ። የአንድን ሰው እጅጌ ገልብጦ ሰፋ፤ በሕይወቱ አድርጎት የማያውቀውን። በሰኔ መጀመሪያ ተፈናቃዮቹን ወደ ናዝሬት የሚወስዱ መኪናዎች ነገ ይመጣሉ ተባለ።

በዚያው ቀን ታንጉት ራሷ ሱቁ ድረስ መጣች። በነጠላ ተጠቅልላለች፤ ቀሚሷን አጣጥፋ በእጇ ይዛለች። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ከአንገቱ እስከ ወገቡ ፊት ለፊት የተቀደደ ነበር፤ ለማጥባት እንዲመቻት ሴቶቹ ቀደውላት።

«ጋሽ ወንድሙ፣ ይሄን ይዝጉልኝ» አለችው።

አባቴ ቀሚሱን አነሣው፤ መልሶ አስቀመጠው። «ልጄ፣ የምነግርሽ ነገር አለ» አለ። ነገራትም። ስለ ሁለቱ ድንኳኖች፣ ስለ ኮረብታው፣ ስለ መነጽሩ። አንድም ቃል አልቀነሰም፤ የእኔን ብቻ አስቀረ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ ውጪ ውጪ ቢለኝም እግሬ እምቢ አለ።

ታንጉት አልጮኸችም። «ለምን ነገሩኝ?» አለች።

አባቴ ዓይኑን ወደ ቀሚሱ መለሰ።

«እኔ እስከ ዛሬ የተጣላሁት ከእግዜር ጋር ብቻ ነበር» አለች። «አሁን ደግሞ ከእርስዎ ጋር ልጣላ? ከሰው ሁሉ ያስጠጋኝ እርስዎ ነዎት።»

ፊቷን ወደ መንገዱ መለሰች። አንድ ሽንኩርት የጫነ መኪና አለፈ፤ አቧራው እስኪበርድ ጠበቀች። ከዚያ ወደ እሱ ሳትዞር፣ «ሌሊት ሌሊት ሲዘንብ እሰማ ነበር» አለች። «አንድም ቀን ጌትዬን አልነካውም።»

አባቴ ራሱን ዝቅ አደረገ። ከዚያ ቀሚሱን ወደ ስፌት መኪናው ሳይሆን ወደ ጉልበቱ ወሰደውና በእጁ መስፋት ጀመረ፤ በጣም ቀጭን ክር፣ በጣም ትንንሽ ስፌት፣ ከውስጥ በኩል። እሷ በርጩማው ላይ ተቀምጣ መርፌውን ትከተላለች። ከአንገቱ ጀምሮ ወደ ታች እየዘጋ ሲሄድ ጸሐዩ ከበሩ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ሲጨርስ ክሩን በጥርሱ አልቆረጠም፤ መቀስ ፈልጎ ቆረጠው። እጥፋቱን በመዳፉ አስተካክሎ ዘረጋላት። ታንጉት ቀሚሱን ወደ ብርሃኑ አነሣችውና አየችው።

«ያስታውቃል?» አለችው።

«አያስታውቅም» አላት አባቴ።

ያስታውቅ ነበር።